ከዘጠነኛው ወር በፊት

ሎንግ ዋን መንደር፣ ንጉሠ ነገሥት ጓንግሹ በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ የመጀመሪያው ወር ማለቂያ

ለልጄ ለማክ ሲክ ቶንግ፣ በአዲሱ የወርቅ ተራራ አገር፤

ይህች ወረቀት ባሕሩን ተሻግራ እጅህ ስትገባ በሙሉ ጤና ታግኝህ። የቀደሙት አባቶቻችን ከፊትህ ይምሩህ፣ ከኋላህም ይጠብቁህ። እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ ብርቱካኑ ጥሩ ያዘ፤ ኩሬውም አልጎደለም። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ግን አሁንም ያፈሳል፤ ልጆቹ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተሸጋገሩ ይጽፋሉ። አንተም በዚያው ጣሪያ ሥር ተቀምጠህ፣ ቀለምህ በጠብታ ሲበላሽብህ ታለቅስ እንደ ነበር አልረሳሁም። ዝምድናችን ሲቆጠር ራቅ ይላል፤ የአያትህ አባትና የእኔ አያት ወንድማማቾች ነበሩ። ፊደል ያስቆጠርሁህ እኔ ነኝና ግን እንደ አባት እጽፍልሃለሁ።

ነገሬ ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ ዩን ፋይ ነው። አንተው በእጅህ በክሉታ ወንዝ ዳር ከቀበርኸው እነሆ ሰባት ዓመት ሞላው። ሥጋ ለአፈር የሚገባውን ከፍሎ ዐፅም ብቻ የሚቀርበት ጊዜ ደርሷል። እንግዲህ እንደ ልማዳችን ዐፅሙ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ወደ ተወለደበት ኮረብታ ይመለስ። ከእናታችን መቃብር ጎን ያለው ስፍራ እስከ ዛሬ ባዶውን ይጠብቀዋል። ዐፅሙ የሚያርፍበት ማሰሮም ተገዝቷል። ሚስቱ እትዬ ፎንግ ከበሩ ኋላ አስቀምጣ በሰሃን ከድናዋለች። ባለፈው ሰሞን ምራቴ ባቄላ ልትጨምርበት ብትከፍተው፣ «ባሌ የሚተኛበት ነው፤ ለባቄላሽ ሌላ ፈልጊ» ብላ እጇን መታቻት።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ አንተ ያኔ አልተወለድህም። ወንድሜ ለመርከቡ የሚከፍለው አጥቶ የእትዬ ፎንግን የወርቅ ጉትቻ ሸጦ ነበር የሄደው። ከደጃፍ ሆኖ፣ «ቀዳዳው እንዳይደፈን ጠብቂው፤ ወርቁን እኔ አመጣዋለሁ» አላት። ይኸው ጸጉሯ ሁሉ ሸብቶም የሻይ ግንድ ስንጥር በጆሮዋ ሰክታ ትኖራለች። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እኔ ሳልቀድመው ይምጣልኝ።» ዓይኗ ደክሟል፤ ደረጃ ስትወጣም ግድግዳ ትይዛለች።

ቀኑን ራሴ መርጬዋለሁ። መልካሙን ቀን ከክፉው የሚለየውን የዕለታትን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አገላብጬ፣ ከወንድሜ ልደት ጋር አስማምቼ፣ ያገኘሁት ቀን የዘጠነኛው ወር ዘጠነኛው ዕለት ነው። መኸር ነው፤ ውሃ ይጎድላል፣ ሰማይ ይጠራል፣ ሰው ሁሉ ወደ አባቶቹ መቃብር ይወጣል። ከዚያ ቀን በፊት አካፋ እንዳይነካው። ጸሐይ በራስ ቅሉ ላይ እንዳያርፍ ጃንጥላ ይዘርጋ። ሲወጣም በስሙ ጥሩት፤ ሳይነግሩት ቤቱን ያፈረሱበት እንዳይመስለው።

አጎትህ ማክ ዩን ቻው


ከክሉታ ወንዝ ዳር፣ አራተኛው ዓመት፣ አምስተኛው ወር

ለተከበሩ አጎቴና መምህሬ፤

ከእግርዎ ሥር ሆኜ እጅ እነሣለሁ። ዕድሜዎ እንደ ኮረብታችን ጥድ ይርዘም፤ ለአክስቴ ለእትዬ ፎንግም ዓይናቸው ይመለስ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አብሮኝ ወርቅ የሚያጥበው የአገራችን ሰው፣ ሽማግሌው ቹይ፣ እንዳነብለት ጠይቆኝ ባነብለት፣ «የኔታህ እጁ አሁንም አይንቀጠቀጥም፤ የእኔ ግን ማንኪያ መያዝ አቅቶታል» ብሎ ቀናብዎ።

የኔታ፣ እዚህ አገር ወቅቱ ሁሉ የተገለበጠ መሆኑን ያውቃሉ። እናንተ በማራገቢያ ላብ ስታደርቁ እኛ ከጣሪያ ላይ አመዳይ እንጠርጋለን። የዘንድሮው ክረምት ግን እኔ ከመጣሁ ወዲህ ያላየሁት ነው። ወሩ ከገባ ጀምሮ ነፋሱ ከደቡብ ይነሣል፤ ነፋሱ ሲያርፍ አመዳዩ ይወርዳል፤ አመዳዩ ሲያባራ ውርጩ ይመጣል። የወርቅ ማጠቢያ አሸንዳችን ውስጥ ውሃው እንደ ብርጭቆ ቆሟል። ሥራ የለም። የባለ በጎቹ መንጋ በተራራው ላይ ከነሕይወቱ ተቀብሯል። የቹይ ጎጆ ሸራ ጣሪያው ተጭኖት ወደቀ፤ ከሥሩ ጎትተን ስናወጣው፣ «ተዉኝ፣ ገና አሁን መሞቄ ነበር» አለን።

ከወንዙ ማዶ ማክሬ የሚባል ፈረንጅ አለ። አገሩ ስኮትላንድ ነው፤ እሱም ብቻውን ወርቅ ያጥባል። ስሜን ከሰማ ጀምሮ፣ «አንተ ማክ፣ እኔም ማክ፤ ዘመዳሞች ነን» እያለ ይቀልዳል። ቹይም፣ «ዘመድ ከሆነ ለአዲስ ዓመት የተጠበሰ አሳማ ይዞ ይምጣ፤ ያኔ እናምነዋለን» ይለዋል። ይህ ማክሬ ትናንት ወደ ተራራው እያመለከተ ምን አለኝ መሰለዎ፤ «ይህ ሁሉ ነጭ ነገር ውሃ ነው። ሞቅ ያለ ዝናብ አንድ ጊዜ ሲነካው አብሮ ይወርዳል። ያን ቀን ከወንዙ ዳር አትገኝ።»

ይህን የምጽፈው ላስፈራዎ አይደለም። የአጎቴ የዩን ፋይ መቃብር ያለበትን ደልዳላ መሬት ባያዩትም በቃሌ ይዩት። ስንቀብራቸው ከራስጌያቸው እስከ ገደሉ አፋፍ ጎሽ ጠምዶ ማዞር ይቻል ነበር። ወንዙ በየዓመቱ ከሥር እየቦረቦረ ዛሬ የቀረው ለአንድ ሰው መቆሚያ ነው። ቹይ ሲያልፍ ቆም ይልና፣ «ዩን ፋይ፣ በሕይወት ሳለህ ከወንዝ ዳር ጠፍተህ አታውቅም፤ አሁን ደግሞ ወንዙ ራሱ ሊጠይቅህ እየመጣ ነው» ይላቸዋል። ይስቃል፤ ግን በየጊዜው የቀረውን መሬት በእርምጃው ይለካል።

የኔታ፣ ድፍረት አይሁንብኝ። ዘጠነኛው ወር ለእናንተ መኸር ነው፤ እዚህ ግን በረዶው የሚቀልጥበት ነው። ምናልባት ከዚያ በፊት ሌላ መልካም ቀን በመጽሐፉ ይገኝ እንደ ሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ። የዓይን መድኃኒት ለአክስቴ ልኬአለሁ። ለጣሪያው የሚሆነውን ግን የአሸንዳው በረዶ ሲቀልጥ እልካለሁ።

ልጅዎ ሲክ ቶንግ


ሎንግ ዋን፣ አራተኛው ዓመት፣ የሰባተኛው ወር መጀመሪያ

ለልጄ ለሲክ ቶንግ፤

ሰላምታዬ ከነፋሱ ቀድሞ ይድረስህ፤ የበረዶው ቅዝቃዜ ከአጥንትህ ይራቅ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አጻጻፍህ አልተበላሸም፤ የወርቅ አገር ብዙውን ሰው ፊደል ያስረሳዋልና ደስ አለኝ። መድኃኒቱም ደርሷል። የጣሪያውን ነገር ተወው፤ የምትልከው ካለህ ለዐፅሙ የመርከብ ወጪ አኑረው።

የጠየቅኸኝን ግን ልፈቅድልህ አልችልም። ምክንያቱን ስማ። እኔ ልጅ ሳለሁ የአባታችንን መቃብር ጎርፍ ይነካዋል ተብሎ በችኮላ ሌላ ስፍራ አዛወሩት። ቀን የጠየቀ አልነበረም። ወሩ ሳይወጣ ታናሽ ወንድማችን፣ ገና መራመድ የጀመረው፣ በትኩሳት ሞተ። እናታችን እስክትሞት ድረስ ያን ቀን ስትረግም ኖረች። ዩን ፋይም እኔም ሰምተን አደግን። የዕለታትን መጽሐፍ መማር የጀመርሁት ለመንግሥት ፈተና አልነበረም፤ ስለዚያ ሕፃን ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ አለ። ምራቴ ነፍሰ ጡር ናት። ሁለት ፅንስ ጨንግፎባት ይህ ሦስተኛዋ ነው። የምትወልደው በአሥረኛው ወር አካባቢ ነው። በቤታችን ሕፃን የሚጠበቅ እስከ ሆነ ድረስ ሚስማር እንኳ በግድግዳ አንመታም፤ አልጋ አናንቀሳቅስም። የዚህን ቤት ታላቅ መቃብር በክፉ ቀን ቆፍረን ፅንሱ ቢናወጥ ምን እላታለሁ? የዘጠነኛው ወር ዘጠነኛው ዕለት ለሟቹም ለፅንሱም የተስማማ ብቸኛ ቀን ነው። ወቅቱ ተገልብጧል ትለኛለህ። ሰማይ ግን አንድ ነው፤ ከዋክብቱም እዚያ ሌላ መጽሐፍ የላቸውም።

ይህን ስጽፍ እትዬ ፎንግ ከአጠገቤ ቆማ ነበር።

«ምን ብለህ ጻፍህለት?» አለችኝ።

«ይጠብቅ አልሁት።»

«ወንዙንስ ይጠብቅ ብለህ ጻፍህለት?»

«እትዬ፣ ይህ የሴት ነገር አይደለም።»

«ባል የሴት ካልሆነ የማን ነው? አንተ የኔታ፣ ቤት ሲቃጠል ሽማግሌውን ተሸክሞ ለማውጣት መጽሐፍ ይገለጣል? ይህንንም ጻፍለት።»

አልጽፍም አልኋት። ካልጻፍህ እራት የለም አለችኝ። እነሆ ጽፌዋለሁ፤ አንተ ግን የእኔን ቃል ጠብቅ።

አጎትህ ዩን ቻው


ከክሉታ ወንዝ፣ አራተኛው ዓመት፣ አሥረኛው ወር

ለተከበሩ አጎቴና መምህሬ፤

ለብዙ ጊዜ ዝም በማለቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሰላምና ዕድሜ ለእርስዎ፣ ብርታት ለአክስቴ፣ ከሁሉም በላይ መልካም መገላገል ለምራትዎ እመኛለሁ። በሰባተኛው ወር የጻፉት ደብዳቤ የደረሰኝ ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

ማክሬ ያለው ሆነ። ስምንተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን መጣ፤ ሞቅ ያለ ዝናብም ያለማቋረጥ በበረዶው ላይ ወረደ። ወንዙ መጀመሪያ ቀለሙን ለወጠ፤ ቀጥሎ ድምፁን። በአልጋችን ላይ ተኝተን ከሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማን ነበር። ከዚያ በኋላ ያየሁትን በሙሉ ለመጻፍ እጄ ይደክማል። ድልድዩ ከነምሰሶው ሄደ። የድርቆሽ ክምር ከነአውራ ዶሮው ሲያልፍ አየን፤ ዶሮው ይጮህ ነበር። የሞቱ በጎች፣ የቤት በር፣ የሕፃን አልጋ። አሸንዳችን፣ ጎጆዎቻችን፣ የሱቁ ሩዝ ሁሉ ተወሰደ። የሰውም ነፍስ ጠፍቷል፤ ከእኛ ሰፈር ግን በሰማይ ቸርነት ሁላችንም ተርፈናል። ከላይ በዋሻ ውስጥ ሰንብተን አሁን ከፍ ባለ ቦታ አዲስ ጎጆ እንሠራለን። ቹይ አሳማውን አጣ፤ ስምም አውጥቶለት ኖሯል፤ እኛ ያወቅነው ሲያለቅስለት ነው።

በወንዙ ዳር የነበረው ደልዳላ መሬት በሙሉ ተንዶ ሄዷል።

የሩዝ ዋጋ በእጥፍ ወጥቷል። ዘንድሮ ለጣሪያውም ለሌላውም የምልከው የለኝምና አይዘኑብኝ። ስለ ቀረው ጉዳይ ጊዜው ሲደርስ እጽፋለሁ። ምራትዎ በሰላም ስትገላገል ግን እባክዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ይጻፉልኝ። ከወሬ ሁሉ በፊት ይህን ወሬ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ሲክ ቶንግ


ሎንግ ዋን፣ ጓንግሹ በነገሠ በአምስተኛው ዓመት፣ የመጀመሪያው ወር

ለልጄ ለሲክ ቶንግ፤

ነፍስህ ስለ ተረፈች አባቶቻችንን አመሰገንሁ፤ በስምህም ዕጣን አጨስሁ። አዲሱ ዓመት ለአንተ ደረቅ መሬትና ደረቅ ጎጆ ይስጥህ።

አስቀድሜ የጠየቅኸኝን ልመልስ። ምራቴ በአሥረኛው ወር ማለቂያ በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። ጤነኛ ናት፤ ስታለቅስ ከኩሬው ማዶ ትሰማለች። እትዬ ፎንግ፣ «ይህችስ የየኔታን አፍ ወርሳለች» አለች።

አሁን ወደ ዝምታህ ልምጣ። ልጄ፣ ድርሰት ያስተማርሁህ እኔ ነኝ። ስለ ድርቆሹ፣ ስለ ዶሮው፣ ስለ ቹይ አሳማ ጻፍህ። ስለ ደልዳላው መሬት አንድ መስመር ጽፈህ ወደ ሩዝ ዋጋ ዞርህ። አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ የማይረግጠው ስፍራ ካለ፣ የሚያመው እዚያ ነው። በዚያ ላይ ከፓንዩ ወደብ የተመለሰ አንድ ነጋዴ ከመርከበኞች ሰምቶ የክሉታ ወንዝ ዳር መቃብሮች በሙሉ ከዘጠነኛው ወር በፊት መወሰዳቸውን ነገረኝ። እንግዲህ አትጨነቅ፤ ልትነግረኝ ያቃተህን ሰምቼዋለሁ። ቀኑን የመረጥሁት እኔ ነኝ። አንተ አስጠነቀቅኸኝ፤ እኔ ከዋክብት ቆጠርሁብህ። ወንድሜን ወንዝ አልወሰደብኝም፤ እኔ ነኝ ለወንዝ የሰጠሁት።

ዐፅሙ የጠፋ ሰው ልብሱ ይቀበርለታል። ነፍሱን በስሙ ጠርተን በልብሱ ውስጥ እናሳርፋለን። ለዚህ የሚሆነውን አንድ ጃኬቱን እንድትሰጠኝ እትዬ ፎንግን ለመንኋት።

«አልሰጥም» አለች።

«እትዬ፣ ማሰሮው ባዶውን አይቅር።»

«በጃኬቱ ውስጥ የለም። እኔ አይደለሁም ያጠብሁት? ኪሱን ሁሉ አውቀዋለሁ። ልጁ በእጁ ‹ጠፋ› ብሎ ይጻፍልኝ፤ ያኔ እሰጥሃለሁ።»

«እንዴት ብሎ ይጻፈው? ሐዘኑ ከብዶት እኮ ነው ዝም ያለው።»

«የከበደው ሐዘን ነው ያለህ ማን ነው?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአልጋ የምትነሣው ማሰሮውን ለመወልወል ብቻ ነው። ገንፎ ስንሰጣት ሁለት ማንኪያ ወስዳ ትመልሳለች። ሐኪሙ የሚያክመው በሽታ አላገኘባትም።

እኔም መጽሐፉን ዘግቼዋለሁ። የሠርግ ቀን የሚጠይቁኝን ሁሉ፣ «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብዬ እመልሳለሁ። ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ገንዘብ አልፈልግም፤ ጣሪያም ይፍሰስ። እውነቱን ጻፍልኝ። ለእኔ ስትል ሳይሆን ለእሷ ስትል ጻፈው።

አጎትህ ዩን ቻው


ከክሉታ ወንዝ፣ አምስተኛው ዓመት፣ አራተኛው ወር

ለተከበሩ አጎቴና መምህሬ፣ ለእናቴም ያህል ለሆኑት ለእትዬ ፎንግ፤

ሁለታችሁም በሕይወት ቆይታችሁ ይህ ደብዳቤ እንዲደርሳችሁ ሰማይን እለምናለሁ። ይህን ወረቀት የሚያመጣላችሁ የአገራችን ሰው ኩዎክ በሌላው እጁ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ የብስኩት ቆርቆሮ ይዟል። እባካችሁ ከማንበባችሁ በፊት ቆርቆሮውን ከእጁ ተቀበሉት። በመርከብ ላይ ሆነው እንኳ መሬት ላይ አልተቀመጡም።

አጎቴ ዩን ፋይ ናቸው።

የኔታ፣ ቃልዎን አልጠበቅሁም። መልስዎን እየጠበቅሁ ሳለ ዝናቡ መጣ። በዚያን ቀን ጠዋት ከመቃብሩ በስተኋላ መሬቱ ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ተሰነጠቀ። ቹይን ጠራሁት። ስንጥቁን አየና፣ «የዛሬ ቀን ምንድን ነው?» አለኝ። ሱቅ ግድግዳ ላይ ወዳለው የዕለታት ወረቀት ሮጬ አየሁ፤ «የማፍረስ ቀን፤ ለምንም ሥራ አይሆንም» ይላል። ተመልሼ ነገርሁት።

ቹይ ወንዙን ተመለከተ። «እሱም ማፍረስ ላይ ነው» አለ፤ «እንግዲያ እኛም እናፍርስ። ኃጢአቱን ለሁለት እንካፈለዋለን፤ እኔ ሽማግሌ ነኝና ትልቁን ቁራጭ ስጠኝ።»

ማክሬ ጎጆው ተወስዶበት ከዋዜማው ጀምሮ ከእኛ ዘንድ ተጠግቶ ነበር። ምን እንደምናደርግ አልገባውም፤ መሬቱ እንደሚናድ ግን ገብቶታል። ሳንጠይቀው ገመድ አምጥቶ በወገቤ አሰረልኝና ጫፉን ከላይ ካለው አለት ጋር ጠመጠመው። «ና ስልህ ትመጣለህ፤ አካፋህንም ጥለህ» አለኝ። ከመቆፈሬ በፊት ተንበርክኬ፣ «አጎቴ ዩን ፋይ፣ ይነሡ፤ ቤት እንለቃለን» አልሁ። የውሃው ጩኸት ድምፄን ዋጠው። ቹይ፣ «አልሰሙህም፤ በሕይወትም ጆሯቸው ይከብድ ነበር» አለና በመላ ጉልበቱ ጮኾ ደገመልኝ።

የሳጥኑ ክዳን በስብሶ ነበር። ከእግር ጀምሬ እንዳስተማሩን በተርታ አወጣሁ፤ ቹይ በቀይ ጨርቅ ይቀበለኛል። ወደ ራሳቸው ስደርስ ጃንጥላውን ዘረጋን። ነፋሱ አንድ ጊዜ ነጥቆ ወደ ወንዙ ወረወረው። እኔ የራስ ቅላቸውን በደረቴ ሸፍኜ ቀረሁ። ያን ጊዜ ማክሬ የዝናብ ካፖርቱን አውልቆ በሁለት እጁ ከላያችን ዘረጋው። ለምን እንደምንሸፍን አያውቅም። «የሰው አባት ነው፤ ራሱ አይርጠብ» አለ፤ እሱ ራሱ በሸሚዝ ብቻ ነበር። ቹይ ያን አይቶ፣ «ዘመድ ነኝ ሲል ቀልዱን መስሎኝ ነበር» አለኝ። ፊቱ ረጥቦ ነበርና ያለቅስ እንደ ሆነ አላወቅሁም።

ከዚያ ማክሬ «ና» አለ። አንድ የጣት ዐፅም ቀርቶኝ ነበር፤ አፈሩን ሁሉ ከነጠጠሩ በወርቅ ማጠቢያ ገበቴ ዝቄ ወጣሁ። ወደ ዋሻው አፍ ሳንደርስ ከኋላችን እንደ ትልቅ ሰው ትንፋሽ ያለ ድምፅ ሰማን። ዞር ስንል የቆምንበት ስፍራ አልነበረም።

በዋሻው ውስጥ ንጹሕ ዕቃ የሚባል ያ ገበቴ ብቻ ነበር። በእሱ ላይ በዝናብ ውሃ አንድ በአንድ አጠብኋቸው። ጣቱንም አገኘሁት። አፈሩ ሁሉ ሲወጣ በገበቴው ግርጌ ጥቂት ወርቅ ቀርቶ አየሁ፤ በጥፍር የሚያዝ ያህል። ለእኔ አይገባኝም፤ ከእርሳቸው ጋር የወጣ ነውና በቀይ ወረቀት ጠቅልዬ ከዐፅማቸው ጋር አኑሬዋለሁ።

ታዲያ ለምን አልጻፍህም ይሉኛል። ልጽፍልዎ ቀለም በጥብጬ ሳለ ስለ ታናሽ ወንድማችሁና ስለ ምራትዎ የጻፉት መጣ። እኔ በማፍረስ ቀን የቤቱን መቃብር ቆፍሬአለሁ፤ በቤቱ ውስጥ ደግሞ የሚጠበቅ ፅንስ አለ። ቢነገርዎ እስክትወልድ ድረስ በየሌሊቱ እንደማይተኙ አወቅሁ፤ አንድ ነገር ቢደርስባትም ከእኔ ይልቅ ራስዎን እንደሚረግሙ አወቅሁ። ስለዚህ ፍርሃቱን እኔ ዘንድ አስቀረሁት። ቆርቆሮውን ከአልጋዬ ራስጌ አድርጌ በጋውን ሁሉ የእናንተን ወሬ ስጠብቅ ኖርሁ። ዝምታዬ አክስቴን ከአልጋ ላይ እንደሚጥላቸው አላሰብሁም። ይህን ማን ይቅር ይለኛል?

ሕፃኗ በኃይል እንደምታለቅስ ያነበብሁ ዕለት ቹይ ለሰፈሩ ሁሉ ሻይ ጋበዘ።

ቀኑ ክፉ ነበር፤ አልደብቅዎም። እንዲህ ባለ ቀን የወጣ ዐፅም ከእናትዎ ጎን ሊተኛ አይገባም ካሉ ፍርዱ የእርስዎ ነው፤ እቀበላለሁ። ማሰሮው ውስጥ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ያስገቡልኝ። አክስቴ ወልውለው ጠብቀውታልና።

ልጅዎ ሲክ ቶንግ


ሎንግ ዋን፣ አምስተኛው ዓመት፣ የስምንተኛው ወር መጀመሪያ

ለልጄ ለሲክ ቶንግ፤

ቀድሞ በረከት የምሰጥህ እኔ ነበርሁ፤ ዛሬ ግን እንዴት ብዬ እንደምጀምር ለማወቅ ብዙ ወረቀት አበላሸሁ። ደህና ሁን። ከቤትህ ሰው አይጥፋ።

ኩዎክ የመጣው ቀትር ላይ ነው። ደብዳቤህን ለእትዬ ፎንግ ጮኽ ብዬ ላነብላት ስጀምር፣ «ወረቀቱ ይቆይ፤ ቆርቆሮውን ስጠኝ» አለች። ከአልጋዋ ራሷ ተነሣች። ማንም አልደገፋትም። ቆርቆሮውን በጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስለ ማፍረስ ቀን ያነበብሁ ጊዜ ወረቀቱን ወደ ጭኔ አወረድሁት።

«ምን ሆንህ?» አለች።

«ቀኑ ክፉ ነበር።»

«ለማን ክፉ? ባሌ መጣ። ሕፃኗም ይኸው ጣቴን ትነክሳለች።»

ዘጠነኛው ወር እየቀረበ ነውና እስከ ዘጠነኛው ዕለት እንቆይ አልኋት። ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ አምኜበት አልነበረም። እትዬ ፎንግ ነጠላ ጫማዋን ፈለገች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ኮረብታው ወጣን፤ እሷ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ፣ ልጄ ማሰሮውን ይዞ። መጽሐፉን ከእጅጌዬ ውስጥ ይዤው ወጥቻለሁ፤ ምን ላደርግበት እንደ ሆነ ብትጠይቀኝ አላውቅም።

ዐፅሙን ከቆርቆሮው ወደ ማሰሮው እኔ አዛወርሁት፤ እግሩን ከታች፣ ራሱን ከላይ። ወንድሜን ከደጃፍ ከሸኘሁት ወዲህ የነካሁት ያን ዕለት ገና ነው። ልጅ ሆነን ወንዝ ስንሻገር በትከሻው ተሸክሞኝ ነበር የሚያሻግረኝ፤ ያ የትከሻ አጥንት በእጄ ላይ ሲያርፍ ቀሎኝ ደነገጥሁ።

ቀይ ወረቀቱን ለእትዬ ፎንግ ሰጠኋት። ፈትታ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ ዓይኗ እንደ ደከመ ነግሬሃለሁ። በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ፣ «ይህ ሰው ቆሞ ያጣውን ተኝቶ አገኘው» አለች። ከዚያም ሁለቱን የሻይ ስንጥሮች ከጆሮዋ አወጣች። ከወርቁ ጋር በወረቀቱ ውስጥ ጠቀለለቻቸውና ከማሰሮው ውስጥ፣ ከራሱ አጠገብ አኖረችው። «አሁን ቀዳዳው ይደፈን» አለች።

ማሰሮውን ከእናታችን ጎን ስናስቀምጠው ወደ አንድ ወገን ዘመመ። በሰሞኑ ዝናብ መሬቱ ተሸርሽሮ ኖሯል። ልጄ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሊፈልግ ወረደ፤ ቆየ። እኔም ከእጅጌዬ መጽሐፉን አወጣሁና ከሥሩ ገባ አደረግሁት። ልክ ሆነ። እትዬ ፎንግ አየችና፣ «ዛሬ ገና ሥራ ሠራ» አለች። አፈር መልሰንበት ወረድን።

ማታ ገንፎዋን ጨርሳ ጨምሩልኝ አለች።

ለሽማግሌው ቹይ ከኃጢአቱ ትልቁን ቁራጭ ለእኔ እንዲተውልኝ ንገረው። ለማክሬም የእትዬ ፎንግን መልእክት አድርስ፤ ጃንጥላ ልካለታለች፤ ከኩዎክ ወንድም ጋር ይመጣል። ለአዲስ ዓመት የተጠበሰ አሳማ ይዞ ባይመጣም ከእንግዲህ ዘመድ መሆኑን ቤቱ ተቀብሎታል።

አንተም ጎጆህን አሁን ካለበት ከፍ አድርገህ ሥራ። ደግሞ አንድ ቀን ወደ አገርህ ለመመለስ ስታስብ፣ የመነሻህን ቀን ከእኔ አትጠይቅ። ዝም ብለህ ና።

አጎትህ ማክ ዩን ቻው